የድሬን የሰፈር መንገድ ለልጆች መመለስ፦ ከሰዓትና ከጥላ እንጀምር

ድሬዳዋ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እንደገና ትነሳለች። ፀሐዩ ይበርዳል፣ በር ይከፈታል፣ እናቶች ደጃፍ ላይ ውሃ ይረጫሉ። ከየግቢው ልጅ ይወጣል፤ አንዱ ጎማ እየነዳ፣ አንዷ ሱዚዋን ይዛ፣ ትንሹ ደግሞ የግራና የቀኝ ጫማውን አቀያይሮ አጥልቆ። ጨዋታው ሞቅ ሲል አንድ ባጃጅ እየከነፈ ይመጣና ሁሉም ሮጦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ባጃጁ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ደግሞ ሌላ ይመጣል።

እኛ ሰፈር ነገሩን የጀመርነው አንዲት የ6 ዓመት ልጅ እንዲህ ስትሮጥ ግድግዳው ጋ ሳትደርስ ስለቀረች ነው። እግሯ ተሰብሮ 2 ወር በጀሶ ተቀመጠች። አሁን ደህና ናት፣ ትሮጣለች። ግን ያን ዕለት ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያወራ አንድ ነገር ገባን። ልጆቻችንን "መንገድ ላይ አትጫወቱ" እያልን ስንቆጣ ኖረናል፤ ታዲያ የት ይጫወቱ የሚለውን ግን አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። ግቢው ጠባብ ነው። ቤቱ ይሞቃል። ሜዳው ሩቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰፈር ያላችሁ ሰዎች እኛ የተሳሳትነውን ሳትደግሙ ቶሎ እንድትጀምሩ ነው። ሐረር ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ። ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁማ መንገዱ ራሱ ጠባብ ስለሆነ መኪና ብዙ ቦታ አይገባም፣ ግማሹ ሥራ ተሠርቶላችኋል።

ብዙ ሰው "ለልጆች ምቹ መንገድ" ሲባል ዥዋዥዌና ሸርተቴ ነው የሚታየው። በድሬ ፀሐይ የብረት ሸርተቴ እኩለ ቀን ላይ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ሰዓት ነው፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ሲሚንቶና ብረት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰፈር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በራሱ አቅም ይጨርሳል።

የትኛውን መንገድ?

ዋና መንገድ አትንኩ። ታክሲና ባጃጅ የሚመላለስበትን አስፋልት ለልጆች ልዝጋ ብትሉ ከሁሉም ጋር ትጣላላችሁ፣ ልጆቹም አይጠቀሙም። የምትፈልጉት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፤ ከ100 እስከ 150 ሜትር የሚሆን፣ ሁለት ጫፉ ከአንድ ቦታ የሚታይ፣ መኪና ሊዞርበት የሚችል ሌላ መንገድ በአጠገቡ ያለ። ጤና ጣቢያ ወይም የገበያ ዕቃ ማራገፊያ ካለበት ተዉት። ኮብልስቶን የተነጠፈበት ከሆነ ጥሩ ነው፣ አቧራ ይቀንሳል። አፈር ከሆነም ችግር የለውም፣ ብይ የሚጫወት ልጅ እንዲያውም አፈሩን ይመርጣል።

ከመረጣችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ዱካ አውጡ፣ ደብተር ያዙ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ፣ በየተራው አንድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጠሩ። ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሞተር፣ ስንት መኪና፣ ስንት ልጅ። አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ከመቁጠሩ ጋር ጥላው በየሰዓቱ የት እንደሚወድቅም ምልክት አድርጉ፤ በየትኛው ግድግዳ ሥር፣ ስንት እርምጃ ድረስ። እኛ ይህን ሳናደርግ ነው የመጀመሪያውን ቀን ያዘጋጀነው፣ ምንጣፉን ፀሐይ መሃል ዘርግተነው ሕፃናቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም።

ቁጥሩን የምሰብከው በምክንያት ነው። ኋላ ላይ ቀበሌ ስትሄዱ "መንገዱ ብዙ ተሽከርካሪ ያስተናግዳል" ይሏችኋል። ያኔ ደብተራችሁን ትከፍታላችሁ።

ሌላም አለ። ተንበርክኩ። አንድ የ3 ዓመት ልጅ ቁመቱ በአማካይ 95 ሳንቲሜትር ነው። በዓለም ላይ የከተማ ባለሙያዎች መንገድን በዚህ ቁመት እንዲያዩት የሚገፋፋ ሥራ አለ፣ ስሙም ኧርባን 95 ይባላል፤ ከጀርባው ያለው ቫን ሊር የሚባለው የኔዘርላንድ ፋውንዴሽን ነው። እናንተ ግን ባለሙያ አያስፈልጋችሁም፣ ጉልበታችሁ ይበቃል። በዚያ ቁመት ስታዩት ከቆመ መኪና ኋላ ምንም አይታይም። የባጃጁ ጭስ ፊት ላይ ነው። መክደኛ የሌለው ቦይ እንደ ገደል ነው። አባቶች ሁሉ አንድ ጊዜ ይሞክሩት።

ከዚያ ልጆቹን ጠይቁ። በቃል ስትጠይቋቸው "ኳስ ሜዳ" ብቻ ነው የሚሏችሁ። ጠመኔ ስጧቸውና የሚወዱት ቦታ ላይ ክብ፣ የሚፈሩት ቦታ ላይ ኤክስ ያድርጉ። እኛ ጋ አምስት ልጆች አንዱ ግቢ በር ላይ ኤክስ አደረጉ። ውሻ ነበር። ትልቅ ሰው አንድም ቀን አላሰበውም።

ሰው ማሳመን

ይህ ክፍል ረጅሙ ሥራ ነው፣ አትቸኩሉበት። ከቤት ወደ ቤት ሂዱ። ደብዳቤ ለጥፎ መሄድ አይሆንም፤ ድሬ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ካልተጠየቀ እንደተናቀ ነው የሚቆጥረው። መጀመሪያ ሴቶቹን አናግሩ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ያሉት እነሱ ናቸው፣ የትኛው ልጅ ምን እንደሚያደርግም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ እድሩን ወይም አፎቻውን። አፎቻ ላይ አንድ ትልቅ ሰው "ይሁን" ካሉ ግማሹ ሰፈር ጨረሰ ማለት ነው።

ማስታወቂያ ስትጽፉ በአማርኛ ብቻ አትጻፉ። በኦሮምኛና በሶማልኛም ይሁን፣ ሐረሪ ጎረቤት ካለም በሐረሪ። ሁሉም አማርኛ ይሰማል ብላችሁ ብታልፉት እንኳ፣ በቋንቋው የተጻፈለት ሰው መንገዱ የእሱም እንደሆነ ያውቃል። ልጆቹ እንደሆኑ ችግር የለባቸውም፣ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሦስቱንም ቋንቋ ይቀላቅሉታል።

እንቢ የሚሉ ይኖራሉ። ደጃፉ ላይ ባጃጁን የሚያቆም ሰው እንቢ ይላል፣ ልክም ነው፣ እንጀራው ነው። ለእሱ መልሱ ይህ ነው፦ የነዋሪ ተሽከርካሪ አይከለከልም። በሰዓቱ ውስጥ ከመጣ መግቢያው ላይ ያለው ሰው ገመዱን ያነሳለታል፣ ከፊቱ እየተራመደ እስከ በሩ ድረስ በሰው እርምጃ ያስገባዋል። እንግሊዝ አገር የሰፈር መንገዳቸውን ለጨዋታ የሚዘጉ ወላጆችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ እኛም ሞክረነው ሠርቷል። ባለሱቁ ገበያ ይቀንስብኛል ይላል፤ ለእሱ "አንድ ቅዳሜ ሞክረህ እየው" በሉት፣ ከልጅ ጋር የወጣ ወላጅ ለስላሳና ብስኩት ሳይገዛ አይገባም። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ካለ ደግሞ ጨዋታው ከዚያ በር ይራቅ፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

በርጫ ላይ የሚቀመጡትን ታላላቆችም አትርሱ። ጫፉ ላይ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ሰዎች መንገዱን ከማንም በላይ ያያሉ። "አቦ፣ እባክህ ልጆቹን እይልን፣ ገራባውን ደግሞ እዚህ ማዳበሪያ ውስጥ አድርግልን" ብለን ነበር የጀመርነው። ከመካከላቸው ሁለቱ ዛሬ ገመዱን የሚዘረጉት ናቸው።

ቀበሌና ትራፊክ

ያለ ፈቃድ መንገድ አትዝጉ። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ፣ ነገሩም በዚያው ይሞታል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ አንድ ገጽ። የመንገዱ ስም ወይም ምልክቱ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ተለዋጭ መንገዱ፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና እንዴት ወዲያው እንደሚከፈት፣ ኃላፊ የሆኑ 3 ሰዎች ስምና ስልክ፣ በእጅ የተሳለ ንድፍ፣ የነዋሪዎች ፊርማ። ከእሱ ጋር የቆጠራችሁትን አያይዙ። አንዱን ኮፒ ለትራፊክ ፖሊስ፣ አንዱን ለባጃጅ ማኅበሩ ስጡ። የባጃጅ ማኅበሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሾፌሮቹ ቀድመው ከሰሙ ራሳቸው ለጓደኞቻቸው ይነግራሉ፣ ካልሰሙ ግን በመጀመሪያው ቀን ጥሩምባ ብቻ ነው የምትሰሙት።

ኃላፊው ከተጠራጠረ ሁለት ነገር አስታውሱት። አንደኛ፣ መንገድን ለጊዜው ለእግረኛና ለልጆች መዝጋት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ "መንገድ ለሰው" በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ትልልቅ አስፋልቶች ነበሩ የተዘጉት። እናንተ የምትጠይቁት 100 ሜትር የሰፈር መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ጨዋታ የልጅ መብት ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን በስም ጠርቶ ይጠብቃል። ይህን በጨዋነት አንድ መስመር ጻፉት። ንግግር አታድርጉበት።

የመጀመሪያው ቀን

ሰዓቱ ከ10 እስከ 12 ይሁን። ከዚያ በፊት ፀሐይ አለ፣ ከዚያ በኋላ መግሪብ ይገባል፣ ይጨልማልም። ቀኑን ስትመርጡ የጁምዓ ሶላት፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ የሰርግና የለቅሶ ድንኳን እንዳይጋጭ ጠይቁ። ረመዳን ላይ ከሆነ አመሻሹን ለአፍጥር ዝግጅት ተዉት። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ያን ሳምንት ዝለሉት።

መዝጊያው ምን ይሁን? ድንጋይ አይሁን። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ድንጋይ አይሁን። ድንጋይ አንስቶ መንገድ መዝጋት ቀላል ነው፣ ማታ ላይ ግን አንዱ ተረስቶ ይቀራል፣ በሞተር የሚመጣ ሰው ጨለማ ውስጥ ይገለበጥበታል። እኛ ባዶ በርሜሎች ቀለም ቀብተን፣ በመሃላቸው ደማቅ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ ዘርግተን ነው የምንዘጋው። አንድ ሰው በ10 ሰከንድ ያነሳዋል። በእያንዳንዱ ጫፍ ሁልጊዜ 2 አዋቂ ይኑር፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰው። አንድ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ የነዋሪ መኪና ሲያስገባ መግቢያው ባዶ ይቀራል።

ጨዋታውን እናንተ አትምሩት። ትልቁ ስሕተታችን ይህ ነበር። ማይክራፎን አምጥተን፣ ልጆቹን አሰልፈን፣ ውድድር አዘጋጅተን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግማሾቹ ደክሟቸው ግማሾቹ እያለቀሱ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ማይኩን ተውነውና ጠመኔ፣ ገመድ፣ አሮጌ ጎማ፣ የቆርኪ ክምር፣ ትልልቅ ካርቶኖች ብቻ አስቀመጥን። ከዚያ ዝም አልን። አንዱ ጥግ ሰኞ ማክሰኞ ተሳለ፣ ሌላው ጋ እቃ እቃ ተጀመረ፣ ካርቶኑ ባቡር ሆነ። የባቡር ከተማ ልጆች አይደሉ! አንዲት አያት ከደጃፋቸው ተነስተው የዱሮ ጢባ ጢቤ ሲያሳዩ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚያዩዋቸው።

መሬት ላይ ለማስመር ጠመኔ ወይም ጀሶ ተጠቀሙ። ለኳስ ሜዳ የሚሰመርበትን ኖራ አታምጡ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ትንንሾቹ ደግሞ ሁሉን ነገር ይነካሉ።

አሁን ስለ ኳስ። ኳስ ካልተገደበ መንገዱን ይውጠዋል። ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ሲጀምሩ ትንንሾቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ቀስ ብለው ወደ ግቢያቸው ይመለሳሉ። ማንም አላባረራቸውም፣ ግን ቦታ የለም። ይህን ካላስተዋላችሁ መንገዱን ከባጃጅ ወስዳችሁ ለ12 ወንዶች ሰጣችሁ ማለት ነው። እኛ ያደረግነው ይህ ነው፦ ኳስ በአንዱ ጫፍ ብቻ፣ ከርዝመቱ ሲሶ በማይበልጥ ቦታ፣ በጨርቅ ኳስ። የጨርቅ ኳስ ሩቅ አይሄድም፣ መስኮት አይሰብርም፣ ሕፃን ቢመታም አይጎዳም። መሃሉ ለሱዚ፣ ለገመድ፣ ለፔፕሲ፣ ለኩኩሉ። በጣም ጥላ ያለበት ጫፍ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ለሕፃናትና ለእናቶች። በ15 ቀን አንዴ ደግሞ ሴቶች ልጆች ኳሱን ቀድመው ይይዛሉ። ወንዶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት።

በሊስትሮ ሳጥን ወይም በማስቲካ የሚዞር ልጅ ጫፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ብታዩት ጥሩት። ሳጥኑን የሚጠብቅለት አዋቂ ይኑር። አንድ ሰዓት ይጫወት። ልጅ ነው።

በዊልቸር የሚሄድ ወይም በክራንች የሚራመድ ልጅ ካለ ኮብልስቶኑ ላይ ይቸገራል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ለስላሳ ሲሚንቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሠራ ለእሱም፣ ለሽማግሌውም፣ ሕፃን በጋሪ ለምትገፋዋም ይሆናል። ይህ ገንዘብ ስለሚጠይቅ እስኪገኝ ድረስ ጨዋታውን እሱ ወዳለበት አምጡት።

ውሃና ሽንት ቤትም አስቡ። አንድ ቤት የመጠጥ ጀሪካን ያውጣ፣ አንድ ቤት ሽንት ቤቱን ይፍቀድ፣ በየሳምንቱ ይዙር።

ጥላ

ከዚራ የሚሄድ ሰው ለምን በእግሩ መሄድ እንደሚወድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ዛፉ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲመጣ የተቆረቆረው ያ ሰፈር መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ ዛፍ አለ። ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ስትሄዱ መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፉ ግን የለም። ልጅ ደግሞ ጥላ በሌለበት አይቆይም።

ለዛሬ ሸራ ዘርጉ። አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ወይም ተሰፍቶ የተቀጠለ ጆንያ ይሠራል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በመብራት ምሰሶ ላይ ፈጽሞ አትሰሩት፣ በሽቦ አጠገብም አታሳልፉት፤ የግቢ አጥር ወይም ለብቻው የተተከለ ብረት ላይ እሰሩት። ሁለተኛው ነፋስ ነው። ድሬ ላይ ከዝናብ በፊት የሚመጣው አውሎ ሸራውን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ስለዚህ በአንድ በኩል በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን፣ ጨዋታው ሲያልቅም ይውረድ። መኪና የሚያልፍበት ላይ ከሆነ ከ4 ሜትር በላይ ይሰቀል፣ የእሳት አደጋ መኪና ሊያልፍ ይገባል።

ለነገ ዛፍ ትከሉ። ኒም ለድሬ ጥሩ ነው፤ ድርቅ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ፍሬውን ግን ልጆች እንዳይበሉት ንገሯቸው። የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ቀይ አበባውም ያምራል፣ እንደ ጃንጥላ ይሰፋል። ሥሩ ግን በገጽ ላይ ይሄዳል፣ ንጣፉን ያነሳል፣ አጥርም ይሰነጥቃል። እሱን ሰፊ ቦታ ካላችሁ ብቻ። ለአጥር የሚተከለውን ቅንጭብ ልጅ በሚጫወትበት አጠገብ አታድርጉ፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ይጎዳል።

የምትተክሉት ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ጉድጓዱ ከመንገዱ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ዝናቡ ወደ እሱ እንዲፈስ። ዙሪያውን በእሾህ ወይም በሽቦ እጠሩት፣ ፍየሎቹን ታውቋቸዋላችሁ። የውሃ እጥረት ስላለ የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ተጠቀሙ፣ በረኪና የገባበትን ግን አታፍስሱበት። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ልጅ ስሙን ይስጠው። እኛ ጋ ከ9 ችግኝ 6ቱ ጸድቀዋል፣ ከሞቱት ሦስቱ ሁለቱ የማንም ያልሆኑት ነበሩ።

ባጃጁን ማዘግየት

በሳምንት 2 ሰዓት መዝጋት ጥሩ ነው። የቀሩት ሰዓታት ግን አሉ። ቋሚው ሥራ ባጃጁ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ እንዲገባ ማድረግ ነው።

ሂሳቡን ለሾፌሮቹ በመሬት ላይ አሳዩዋቸው። በሰዓት 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች ሰከንድ 11 ሜትር ሄዷል። በ20 ከሆነ 5 ሜትር ተኩል። በጠመኔ አስምሩት። እኛ ስናሰምረው አንድ ሾፌር ዝም ብሎ መስመሩን ሲያይ ቆየና "ልጄም እዚህ ነው የሚጫወተው" አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ይመክራል። ለጠባብ የሰፈር መንገድ እኔ 30ም ይበዛል ባይ ነኝ።

ሰሌዳ መትከል ብቻውን ብዙ አይሠራም። መንገዱ ራሱ ማዘግየት አለበት። ይህን ቀድመው የሠሩት የኔዘርላንዷ ዴልፍት ከተማ ነዋሪዎች ናቸው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በሰፈር መንገዳቸው ላይ የአበባ ሳጥንና አግዳሚ ወንበር እያስቀመጡ መኪናው እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ አደረጉ፣ በ1976 ደግሞ አገሪቱ ሕግ አወጣችለት። ሐሳቡ መኪናው እንግዳ ነው፣ ባለቤቱ የሰፈሩ ሰው ነው የሚል ነው።

እናንተም ከቀበሌና ከመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግራችሁ መግቢያውን አጥብቡት። አፈር የተሞላ በርሜል አንዱን በግራ፣ ከ15 ሜትር በኋላ ሌላውን በቀኝ። ባጃጁ መጠምዘዝ ግድ ይሆንበታል። መሃል ላይ ግን ሁልጊዜ 3 ሜትር ተኩል ይቅር፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ። ጉብታ ካሠራችሁ አጭርና ሹል አይሁን፤ እንዲህ ያለው ነፍሰ ጡሯንና በሽተኛውን ነው የሚያሠቃየው። ወደ 3 ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ከፍታው ከ10 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ይሁን፣ ቀለምም ይቀባ። ሰፈሩ ተስማምቶ አንዱን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ከወሰነ ደግሞ ባጃጅ ወደ 1.3 ሜትር ይሰፋል፣ ዊልቸር ግን በ90 ሳንቲሜትር ያልፋል። በብረቶቹ መካከል አንድ ሜትር ተዉ። መሃለኛው ብረት በቁልፍ የሚነሳ ይሁን፣ ቁልፉም ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ይወቅ።

ውሃ፣ ትንኝና ደቻቱ

ይህን ክፍል የድሬ ሰው መዝለል የለበትም። አሮጌ ጎማ ቀለም ቀብቶ መጫወቻ ማድረግ የተለመደ ነው። ጎማ ውስጥ ግን የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ደግሞ ትንኝ ይፈለፈላል። ደንጊ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቺኩንጉንያ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በዚህ ከተማ ያደረጉትን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ያኔ መገጣጠሚያው ያልታሰረ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎማ ከታች በኩል 4 ቦታ ብሱት፣ ወይም አፈር ሞልታችሁ ተክል አድርጉበት። በርሜሎቹም ክዳን ይኑራቸው። የከተማውን ወባ የሚያዛምተው አዲሱ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ይራባል።

ቦዩን ክደኑ። መክደኛው የተሰረቀ ወይም የተሰበረ ከሆነ ከጨዋታው በፊት የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱ ይሁን። ከባድ የሲሚንቶ መክደኛ በሁለት አዋቂ የሚነሳ፣ በልጅ የማይነሳ። በመካከሉ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ ይኑረው፣ የልጅ እግር የማይገባበት።

ከተማውን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ መጫወቻ አታድርጉት። አሸዋው ደረቅ ሆኖ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ባጃጅ የሌለበት ሆኖ ሲታይ ያጓጓል። ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘንቦ ውሃው ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ልጆቻችሁን ወደ ሰፈሩ መንገድ የምታመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይሁን።

ማስቀጠል

አንድ ደብተር ክፈቱ። በየሳምንቱ ገመዱን ማን እንደሚዘረጋ፣ ማን እንደሚጠርግ፣ ውሃ የማን ቤት እንደሆነ ይጻፍ። ከ10 ቤት 20 ሰው አይጠፋም፣ እያንዳንዱ በወር አንዴ ነው የሚደርሰው። ሁሉንም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ከጫናችሁ በሦስተኛው ወር ይቆማል። እኛ ጋ አንዴ ቆሞ ነበር። የመለሱት ልጆቹ ናቸው፤ 10 ሰዓት ላይ ራሳቸው ገመዱን ይዘው በር አንኳኩ።

ገንዘብ ሲገኝ ቅድሚያ የምትሰጡት ለቦይ መክደኛና ለጥላ ነው፣ ከዚያ ለአግዳሚ ወንበር። ኮብልስቶን ከተረፈ በግድግዳው ሥር በልጅ ቁመት ዝቅ ያለ መቀመጫ ይሠራል፣ 30 ሳንቲሜትር ይበቃል። መሬት ላይ ቋሚ ሥዕል ከቀባችሁ ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑን ጠይቁ፣ ዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሉበት።

ከ3 ወር በኋላ እንደገና ዱካችሁን አውጥታችሁ ቁጠሩ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ። ስንት ባጃጅ፣ ስንት ልጅ፣ ከልጆቹ ስንቷ ሴት። አዲሱን ቁጥር ለቀበሌው ውሰዱት፣ ፈቃዱ ሲታደስ ይጠቅማችኋል።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም ሥዕሉን ድገሙት። ልጆቹ አድገዋልና የሰኞ ማክሰኞውን ሳጥን ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ በአጠገቡም ለአዲሶቹ ትንንሾች ሌላ ጠበብ ያለ ሳሉ።